ጁላይ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ግን የለም

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን (7 እና 11 ዓመት) ጋር ደቡባዊ አፍሪካ ሳፋሪ ልንሄድ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ አምስት ቀን ቤተሰብ እንጠይቃለን። ከዚያ የ69 ዓመት እናቴን ይዘን 12 ሌሊት አለን። በረሃም፣ ውሃም፣ ጫካም በአንድ ጉዞ ማየት እንፈልጋለን። ያሰብነው ኬፕ ታውንን፣ ክሩገርን፣ ቪክቶሪያ ፏፏቴን፣ ቾቤን፣ ኦካቫንጎን፣ ካላሃሪን፣ ኤቶሻንና የናሚብ በረሃን ነው። የልጆቹ ዕረፍት ጁላይና ኦገስት ቢሆንም ያኔ ክረምት ስለሆነ ዝናቡን ፈርተን ወደ ዲሴምበር አዙረነዋል። መኪና ተከራይተን ራሳችን ብንነዳ ይረክሳል ብለናል። ወባ እንደሆነ አብረን ያደግነው በሽታ ነው፣ አያሰጋንም። ምን ይላሉ?»

ከወሩ ልጀምር። ሌላው ስህተት ሁሉ ከእሱ የተወለደ ነው።

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃና ጃንጥላ ነው የሚታየን። እዚያ ክረምት ማለት ብርድ ነው፣ በቃ። ከምድር ወገብ በታች ከጁን እስከ ኦገስት ቀኑ ያጥራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሰማዩ ግን ለሳምንታት አንዲት ደመና ላያሳይ ይችላል። በቦትስዋና፣ በዚምባብዌና በናሚቢያ ዝናቡ የሚጥለው በግምት ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። እንግዲህ ዝናብ ሸሽታችሁ የገባችሁት ዝናቡ ውስጥ ነው። ከዝርዝራችሁ ጁላይ ላይ የሚዘንብበት ኬፕ ታውን ብቻ ነው፤ እሱ የራሱ የአየር ጠባይ አለው። (ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጠራው ቲኬቱም ሎጁም የሚሸጠው በዚያ ስለሆነ ነው።)

ዝናብ ሳፋሪን የሚያበላሸው ሰው ስለሚያበሰብስ አይደለም። በዝናብ ወቅት በየጢሻው ኩሬ አለ። ዝሆኑንም ጎሹንም ወንዝ ድረስ የሚያስኬደው ነገር የለም፤ ይበተናል። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። አንበሳ አምስት ሜትር ላይ ተኝቶ ሳታዩት ልታልፉ ትችላላችሁ። ጁላይ ላይ ግን ኩሬዎቹ ደርቀዋል፣ ቅጠሉ ረግፏል። የጠማው ሁሉ ወደ ቀረችው ውሃ ይመጣል። ጎበዝ አስጎብኚ ያኔ እንስሳ ሲያሳድድ አይውልም፤ ውሃው ዳር መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል።

ዲሴምበር ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ወፍ ለሚወድ፣ የተወለዱ ግልገሎችን ማየት ለሚፈልግ፣ ካላሃሪ አረንጓዴ ለብሶ ማየት ለሚሻ ጥሩ ወር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ፣ በተለይ «ዝሆኑ የታለ?» ለሚል የ7 ዓመት ልጅ፣ አልመክርም።

አሁን ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብልኝ፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ጉዳይ። ኦካቫንጎ፣ ወንዙ ቦትስዋና ውስጥ ተበትኖ የሚሠራው ረግረጋማ ደልታ፣ ውሃ የሚሞላው በደረቁ ወቅት ነው። እንዴት? ውሃው የቦትስዋና ዝናብ አይደለማ። የሚዘንበው በአንጎላ ደጋ ነው። በኩባንጎና በኩይቶ ወንዞች ወርዶ፣ ናሚቢያን አቋርጦ ቦትስዋና ይገባል። ከዚያ ሜዳው ጠረጴዛ ነው ማለት ይቻላል፤ በ250 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚወርደው 60 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው አይሮጥም፣ ይንፏቀቃል። በጥርና በየካቲት አንጎላ ላይ የወረደው ዝናብ ደልታውን የሚያጥለቀልቀው ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ዙሪያው ደርቆ አፈሩ ይቦናል፤ መሃሉ ላይ ውሃ ይጨምራል። በዲሴምበር ብትሄዱ የምታገኙት ተቃራኒውን ነው። ሰማዩ ይዘንባል፤ ደልታው ግን በዓመቱ ዝቅተኛ ከፍታው አካባቢ ይሆናል። ታንኳ የሚቀዘፍባቸው ብዙ ቦታዎች ያኔ ሣር ናቸው።

ይህ ወንዝ ባሕር አይደርስም። አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር እናውቃለን፤ ኦካቫንጎም በካላሃሪ አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። አብዛኛው ውሃ በትነትና በዕፅዋት በኩል ወደ ሰማይ ይመለሳል። ዝምድናቸው በዚህ አያበቃም። ኦካቫንጎን እዚያ ያስቆመው የመሬት ስንጥቅ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች የእኛው ስምጥ ሸለቆ የደቡብ ምዕራብ ቅርንጫፍ ጅማሬ አድርገው ይቆጥሩታል። ዩኔስኮ በ2014 አንድ ሺህኛው የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ ደልታ ነው።

የማረፊያዎቹን ብዛት እንይ። ስምንት ቦታ በ12 ሌሊት። አንድ ማረፊያ ለቅቆ ሌላው ላይ ለመግባት፣ ቅርብ ቢሆን እንኳ፣ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ሩቅ ከሆነ ሙሉ ቀን። እንስሳ የሚታየው ደግሞ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በየቀኑ የምትጓዙ ከሆነ የምትበሉት እነዚያን ሰዓቶች ነው። ስምንቱን ቦታ ከያዛችሁ በደንብ የምታዩት ኤርፖርት ነው። እናትዎ ደግሞ በሦስተኛው ቀን «እኔን እዚሁ ተዉኝ» ይላሉ፣ እውነታቸውን።

ምክሬ ይኸው። ኬፕ ታውንን፣ ክሩገርን፣ ካላሃሪንና ናሚቢያን ሙሉ በሙሉ ተዉ። ሰሜን ቦትስዋናንና ቪክቶሪያ ፏፏቴን ብቻ ያዙ። የደልታው መግቢያ ከተማ ማውን ላይ አንድ ሌሊት፣ ኦካቫንጎ ሦስት፣ ማክጋዲክጋዲ የጨው ሜዳ ሁለት፣ ከቾቤ ፓርክ ዳር ያለችው ካሳኔ ከተማ ላይ ሆናችሁ ለቾቤ ሦስት፣ ፏፏቴው ላይ ሦስት። 12 ሌሊት ሞላ። ሁለት አገር (ቦትስዋናና ዚምባብዌ)፣ አንድ ድንበር። ውሃም፣ በረሃ መሰል ሜዳም፣ የወንዝ ዳር ጫካም አለበት። ቀኑ ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 6 ይሁን። ቀኑን ለምን እንዲህ እንደቆረጥኩት ስለ ምግብ ሳወራ ይገባችኋል።

ናሚቢያን ማስወጣቴ እንደሚያናድድ አውቃለሁ፤ ቀዩን የአሸዋ ተራራ ፎቶ ላይ አይታችሁታል። ነገር ግን ያ አሸዋ ካለበት ከሶሱስፍሌይ እስከ ኤቶሻ ያለው መንገድ ብቻውን ሁለት ቀን ይበላል። ናሚቢያ ለራሷ አሥር ቀን የሚገባት አገር ናት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጧት። ያኔ ኤቶሻ ውስጥ ኦካውኩዌዮ ማደር እንዳትረሱ። ካምፑ አጠገብ ሌሊት መብራት የሚበራለት የውሃ ጉድጓድ አለ። ከዝቅተኛው የድንጋይ አጥር ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ለአንድ ሰዓት ምንም ላይኖር ይችላል። ከዚያ ጥቁር አውራሪስ ከጨለማው ይወጣል፤ ሲጠጣ የምትሰሙት ድምፅ ከአጠገባችሁ ላም የምትጠጣ ያህል ነው። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ይህን ከጄት ላግ ጋር፣ ለአንዲት ሌሊት ብቻ፣ በጥድፊያ ማየት ያሳዝናል። ደግሞ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘም ናሚቢያ ቪዛ ትጠይቃለች።

ክሩገር ጥሩ ፓርክ ነው፤ በራስ መኪና ለመንዳት እንዲያውም ከሁሉ ይመቻል። ግን ደቡብ አፍሪካን መጨመር ለእናትዎ ሌላ ቪዛ መጨመር ነው። እዚያ ጉዳይ እንመለሳለን።

ወደ ተመረጡት ቦታዎች ልግባ። ኦካቫንጎ ውስጥ የሚገባው በትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ከማውን ተነስቶ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አፈር ሜዳ ላይ ያርፋል። ከላይ ስታዩት አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ በነጠብጣብ ደሴቶች የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ደሴቶች የተጀመሩት በኩይሳ ነው። ምስጥ ከውሃው ከፍ ያለች ጉብታ ትሠራለች፤ ወፍ እላዩ ላይ አርፎ ዘር ይጥላል፤ ዛፍ ይበቅላል፤ ዛፉ አቧራና አፈር ይይዛል። ከብዙ ዓመት በኋላ ዝሆን የሚያርፍባት ደሴት ትሆናለች። በደንገሉ መካከል ያለውን የውሃ መንገድ ደግሞ ጉማሬዎች ሲመላለሱ ይከፍቱታል።

እዚያ ያለችው ታንኳ ሞኮሮ ትባላለች። ድሮ ከግንድ ተፈልፍላ ነበር የምትሠራው፤ ዛሬ ዛፉን ለማትረፍ ብዙዎቹ ከፋይበርግላስ ናቸው። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በረጅም እንጨት መሬቱን እየገፋ ይሄዳል። ሞተር የለም። የምትቀመጡት ከታንኳዋ ወለል ጥቂት ከፍ ብላችሁ ነው፤ ውሃው ክርናችሁ ሥር ነው። ውሃው ቀስ ብሎ በአሸዋ ላይ ስለሚያልፍ ጥርት ያለ ነው፤ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን አበባ ግንድ እስከ ታች ታዩታላችሁ። የጥፍር ያህል የምታክል እንቁራሪት ሸምበቆ ላይ ተጣብቃ ትቀመጣለች። ቀዛፊው በጣቱ ካላሳያችሁ አታዩዋትም። ለልጆቹ ከአንበሳው በላይ የምታስደስታቸው እሷ ብትሆን አይግረማችሁ።

ጥንቃቄው፦ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ከሞኮሮ መነሳት ከባድ ነው። ለእናትዎ የሞተር ጀልባ ያለው ካምፕ ጠይቁ። የልጆቹን ዕድሜም ከመክፈላችሁ በፊት ተናገሩ። ብዙ ካምፖች ከ6 ወይም ከ8 ዓመት በታች አይቀበሉም። የሚቀበሉትም ልጅ ካለ የብቻ መኪና እንድትከራዩ ሊያስገድዱ ይችላሉ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። የእግር ሳፋሪ ለሁለቱም ልጆች አይሆንም። ካምፖቹ አጥር የላቸውም፤ ሲመሽ ከድንኳን ወደ መመገቢያው የሚያደርሳችሁ ሠራተኛ አለ። የ7 ዓመቱ ልጅ ቀድሞ እንዳይሮጥ አሁኑኑ ማስተማር ጀምሩ።

ከዚያ የጨው ሜዳው። ማክጋዲክጋዲ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ግዙፍ ሐይቅ ነበር። አሁን ነጭ፣ ባዶ፣ አድማሱ የማያልቅ መሬት ነው። አፋርን ያየ ሰው «ይኼማ አሳሌ ነው» ሊል ይችላል። ግን አሳሌ ከባሕር ወለል በታች ሆኖ የሚያቃጥል ነው፤ ማክጋዲክጋዲ 900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ ጁላይ ላይ ሌሊቱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እዚያ የምትሄዱት ለትልልቅ እንስሳ አይደለም። ለዝምታው፣ ለከዋክብቱና ለሚርካት ነው። ሚርካት ድመት የማታክል፣ ጠዋት በሁለት እግሯ ቆማ ሆዷን ለፀሐይ የምትሰጥ እንስሳ ናት። ሰው የለመዱት መንጋዎች አሉ። መሬት ላይ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ ትከሻችሁ ላይ፣ አንዳንዴም ራሳችሁ ላይ ይወጣሉ፤ ጭልፊት መምጣቱን ሊያዩ ነው። እናንተ ለእነሱ ኩይሳ ናችሁ።

ካሳኔ ላይ መንገዱ ወደ ዝሆን ይዞራል። ካቫንጎ ዛምቤዚ በሚባለው የአምስት አገሮች የጥበቃ ክልል በ2022 በአውሮፕላን በተደረገው ቆጠራ 228 ሺህ ገደማ ዝሆን ተገኝቷል፤ 132 ሺህ ያህሉ ቦትስዋና ውስጥ ነው። በደረቁ ወቅት ከሰዓት በኋላ ወደ ቾቤ ወንዝ የሚወርዱት እነሱ ናቸው። እዚህ መኪናውን ለጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት ጀልባ ላይ ሁኑ። ጀልባው አያንገጫግጭም፣ እንስሳው ጀልባን አይፈራም፣ እናትዎ ሻይ ይዘው ያያሉ። ዝሆኖቹ ኩምቢያቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው እየተነፈሱ ወደ ሴዱዱ ደሴት ሲዋኙ ማየት ትችላላችሁ። ስለዚች ደሴት ቦትስዋናና ናሚቢያ ዘ ሄግ ድረስ ተካሰዋል። በዲሴምበር 1999 ለቦትስዋና ተፈረደ። ዝሆኖቹ ግን ውሳኔው የነገራቸው ነገር ያለ አይመስልም፤ ሣር ባለበት ይሻገራሉ።

ፏፏቴው ላይ ብዙ አልቆይም፤ በራሱ ይናገራል። ያለው በዚምባብዌና በዛምቢያ ድንበር ላይ ነው፤ ስፋቱ 1,708 ሜትር፣ ከፍታው 108 ሜትር ነው። የአካባቢው ስሙ ሞሲ ኦ ቱንያ፣ «የሚያጓራው ጢስ» ማለት ነው። ጢስ ዓባይን ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ውሃው የሚበዛው በኤፕሪል አካባቢ ነው፤ ያኔ ርጭቱ ፏፏቴውን ራሱን ይሸፍነዋል። በጁላይ መጨረሻ ውሃውም አለ፣ ፏፏቴውም ይታያል። በኦክቶበርና ኖቬምበር የዛምቢያው በኩል አብዛኛው ባዶ ቋጥኝ ሊሆን ይችላል። በዚምባብዌ በኩል እዩት፤ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ለእናትዎም ይሆናል። ድንጋዩ ግን እርጥብ ነው፤ ክፍት ጫማ አይሁን።

መኪናውን በተመለከተ ግማሹን እቀበላለሁ። ከማውን በጉዌታና በናታ አድርጎ እስከ ካሳኔ ያለው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። የሚነዳው በግራ ነው። ከአሜሪካም ከአዲስ አበባም ለሄደ ሰው አደባባይ ላይ ግር ይላል እንጂ ይለመዳል። በጨለማ ግን አይነዳም። አህያና ከብት አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ። ከናታ ወደ ካሳኔ ደግሞ ዝሆን ይሻገራል፤ ጥቁር ዝሆን በጥቁር ሌሊት አይታይም። እኔ ብሆን በሹፌር እሄድ ነበር። ሞሬሚ በሚባለው የደልታው የዱር እንስሳት ጥበቃ ክልልና በቾቤ ውስጥ ራሳችሁ የመንዳቱን ሐሳብ ግን እርሱት። እዚያ ያለው የእኛ አገር ፒስታ አይደለም፤ ጥልቅ አሸዋ ነው። የጎማ ንፋስ መቀነስና መኪና ከአሸዋ ማውጣት ለማያውቅ ሰው፣ ክሪክ አውጥቶ ስኮርታ ለመቀየር መውረድ ራሱ አንበሳ ባለበት መውረድ ነው። የኪራዩን መኪና ካሳኔ መልሱ። ወደ ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ የሚቀረው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለድንበሩ ጣጣ ሹፌር ያላት መኪና ይሻላል።

ስለ ሻንጣ አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ ማውን ላይ ጎማ ያላቸው አምስት ደረቅ ሻንጣዎች ይዞ መጣ። አብራሪው ሚዛኑን እንኳ አላየም፤ ሻንጣዎቹን በጉልበቱ ነካ ነካ አድርጎ «አይገቡም» አለ። የአውሮፕላኑ ዕቃ መጫኛ ሆዱ ሥር ያለ ጠባብ ሳጥን ነው። ሰዎቹ ልብሳቸውን በገበያ ፌስታል አድርገው ገቡ፣ ሻንጣዎቹ ከተማ ቀሩ። ለስላሳ ቦርሳ፣ ጎማ የሌለው፣ ካሜራውንና የእጅ ቦርሳውን ጨምሮ ለአንድ ሰው 20 ኪሎ። አንዳንዱ 15 ነው የሚለው፣ ጠይቁ። ከሱ ውስጥ ከባዱ ልብስ ይሁን። ጠዋት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍት መኪና ላይ ነው የምትወጡት፤ ሰዓቱን በፈረንጅ ነው ያልኩት። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬት። ጋቢ ካለ ከሁሉ ይበልጣል። ለልጆቹ ወታደር የሚመስል ዥንጉርጉር ሱሪ ወይም ኮፍያ እንዳትገዙ፤ ዚምባብዌ ውስጥ ሲቪል ሰው እንዲህ ያለ ልብስ መልበስ ክልክል ነው፣ ይወስዱባችኋል።

አሁን ፓስፖርት። የዚህ ጉዞ መንገድ የሚወሰነው በእናትዎ ፓስፖርት ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ቦትስዋና ያለ ቪዛ ይገባል፤ ዚምባብዌ ድንበር ላይ ከፍሎ ይገባል። እናትዎ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የሁለቱንም አገር ፈቃድ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጨርሱ። የካምፕ ቀብድ ከዚያ በኋላ ነው የሚከፈለው። ለደቡብ አፍሪካም ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጆሃንስበርግ የምንቀይረው አውሮፕላን ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ቲኬት ከተገዙ ሻንጣ ለመውሰድ ኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ቪዛ ይጠየቃሉ። አንድ ቲኬት ይሁን፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ይላክ፣ የመሸጋገሪያ ሕጉንም አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጆሃንስበርግን ጨርሶ የሚያስቀር በረራ በቀናችሁ ከተገኘ፣ ጉዞውን ከፏፏቴው ጀምራችሁ ወደ ማውን ብትገለብጡትም አልቃወምም። ለልጆቹ የሁለታችሁንም ስም የያዘ የልደት ሰርተፍኬት ያዙ።

አዲስ አበባ አምስት ቀን ማደራችሁ አንድ ነገር ይጨምራል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከዚያ ተነስታችሁ ስትገቡ ቢጫውን የክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዕድሜ ልክ ነው። አዲስ አበባ ደርሰን እንከተባለን አትበሉ፣ ቀኑ አይበቃም። እናትዎ ከዚህ በፊት ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይከተቡ፤ ከ60 ዓመት በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሐኪሙ አይሆንም ካለ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

«ወባ አብረን ያደግነው ነው» ያላችሁትን ግን ተውት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከወባ ጋር አላደገም፤ ከተማው ከፍታ ላይ ነው። ቆላ ያደገ ቢሆንም ሰውነቱ ያዳበረው መከላከያ ከዓመታት የውጭ ኑሮ በኋላ ይሟሽሻል። ልጆቻችሁ ደግሞ ምንም የላቸውም። በጁላይ ትንኙ ጥቂት ነው፤ ያም ሆኖ ማውን፣ ኦካቫንጎ፣ ካሳኔና ፏፏቴው የወባ ቀጠና ናቸው። ሐኪማችሁ መድኃኒት ይዘዝላችሁ። ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ለመከላከያ አይሰጥም፤ ለትንሹ ልጅ ሌላ ይታዘዛል። ስትመለሱም ኪኒኑን አታቋርጡ። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ቢመጣ «ቦትስዋና ነበርኩ» ማለትን አትርሱ፤ ሜሪላንድ ያለ ሐኪም በራሱ ወባን ላያስብ ይችላል።

ምግብ። ኦገስት 7 ነሐሴ 1 ነው፣ ፍልሰታ ይገባል። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ ጉዞው ከዚያ በፊት ያልቃል፤ ቀኑን ኦገስት 6 ላይ የቆረጥኩት ለዚህ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ይኖራሉ። ቀድማችሁ «ቬጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ «ሥጋ አትበላም» ካላችሁ እንቁላልና ቺዝ ይዘው ይመጣሉ። ደልታው ውስጥ ዕቃ የሚገባው በአውሮፕላን ስለሆነ በዕለቱ የሚገዛ ነገር የለም። በቦርሳቸው ቋንጣና ቅቤ እንዳይቋጥሩም ለምኑልኝ። ቦትስዋና የከብት በሽታን በጣም ትፈራለች፤ የእንስሳት ምርት ኬላ ላይ ይወረሳል፣ ጫማችሁን ሳይቀር መድኃኒት ያስረግጧችኋል። ሽሮና በርበሬ ይዘው ይምጡ።

ዋጋው ያስደነግጣችኋል። ኦካቫንጎ ውስጥ በዚህ ወቅት ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዶላር በላይ የሚጠይቁ ካምፖች ብዙ ናቸው። አገሪቱ ሆን ብላ ጥቂት እንግዳ በውድ ዋጋ የመቀበል መንገድ መርጣለች። ጁላይ ደግሞ ዋናው ገበያ ነው፤ ለአምስት ሰው ቦታ ለማግኘት አንድ ዓመት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የሕክምና በረራን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ከሌለ ደግሞ ደልታው ውስጥ አትግቡ። ብር ካጠረ የደልታውን ሌሊት ወደ ሁለት አውርዱ፤ ሦስተኛውን ቀን ከማውን በመኪና ሄዳችሁ የመንደሩ ቀዛፊዎች ሞኮሮ ላይ አሳልፉ። አሁንም ካጠረ ከፏፏቴው አንድ ሌሊት ቀንሱ። የቾቤን ሦስት ሌሊት ግን አትንኩ፤ ለእናትዎና ለትንሹ ልጅ እኩል የሚሆነው ማረፊያ እሱ ነው።